የአጎቴ ቴስታታ

ሰሞኑን ሁላችንም ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስንከራከር ከረምን። ዛሬ ስለ አንድ ብረት ልጻፍ። ከዶላሩም ከነዳጁም አይርቅም፤ ታገሱኝ።

ብረቱ ቴስታታ ይባላል። ጋራዥ ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ እንደ ጓርኒሲዮን፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ጎሚስታ ሁሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ የመካኒኮቻችን አፍ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። ከፒስተኖቹ በላይ ተደፍቶ እሳቱን ያፍናል፣ ቫልቮቹን ይሸከማል፣ በሆዱ ውኃና ዘይት ያሳልፋል። ሲሰነጠቅ ሞተሩ ውኃ መጠጣት ይጀምራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ራዲያተሩ ያለ ምክንያት ይንተከተካል።

አጎቴ እነዋሪ ነው የሚኖሩት። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር አላቸው። በአዘቦት ቀን ሰው ይጭናሉ፣ በገበያ ቀን እህል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ኖራ አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው፤ እስከ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያደርሳሉ። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ዲዝል። በዚህ አገር ገጠር ለመስክ ሥራ የወጣ ሰው፣ የመንግሥትም ይሁን የእርዳታ ድርጅት፣ የዚህን ሞተር ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም። ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም። የአጎቴ ግን አለው። ከእሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት አስገጥሞ ነው የሸጠላቸው።

ሰውየው ለምን እንዳስገጠመ ይገባኛል። እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሚያገኘው አየር ልክ ብቻ ስለሚተነፍስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። መቶ ሠላሳ ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ደጋ ላይ መቶውን ቢሰጥ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲና ወደ ጣርማበር፣ ጭነት ይዞ፣ የወጣ ሾፌር ይህን ያለ ፊዚክስ ትምህርት ያውቀዋል። ቱርቦ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ አየሩን ጨቁኖ ያስገባል፤ ደጋው የነሳውን ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ችግሩ ያለው እዚያው ቴስታታው ውስጥ ነው። ዋን ኤችዜድ ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም። በቴስታታው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዲት ትንሽ ጓዳ አለች፤ ነዳጁ መጀመሪያ እዚያች ጓዳ ውስጥ ይቀጣጠልና በጠባብ ጉሮሮ ወደ ዋናው ክፍል ይወረወራል። አሠራሩ ሞተሩን ታጋሽ ያደርገዋል፤ መጥፎ ነዳጅ ይችላል። ነገር ግን ቱርቦ ሲጨመርና ሰው ጉልበት ፍለጋ የነዳጅ ፖምፓውን ከፍ ሲያደርገው፣ ሙቀቱ ሁሉ የሚከማቸው በዚያች ጓዳ ዙሪያ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረውም ከጓዳዋ አፍ አካባቢ፣ ወደ ቫልቮቹ አቅጣጫ ነው። የአጎቴም የተሰነጠቀው እንደዚያ ነበር፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ውኃ ይጎድላል፣ ይሞላሉ፣ ይጎድላል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው በእግሩ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ደወሉልኝ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ሰው ማናገር ሥራህ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደህ ጠይቅልኝ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሦስት ቀን መርካቶ ዋልኩ። ቃለ መጠይቅ አድርጌ እንደዚያ የተለያየ መልስ አግኝቼ አላውቅም፤ ፓርላማም ጭምር።

የመጀመሪያው ሐሳብ አሮጌውን አስበይዶ ፊቱን ማስላግ ነበር። ርካሽ ነው። ነገር ግን ያ ጓዳ አካባቢ የተበየደ ብረት እንደገና ያንኑ እሳት ሲያገኝ ከዚያው ከጎኑ ይከፈታል። ሁለተኛው ያገለገለ ቴስታታ ነው። አንድ ሻጭ በቀለም አሳምሮ አቀረበልኝ። በግፊት ተፈትኗል ወይ ስለው በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ድምፁን ስማው» አለኝ። ቴስታታ እንደ ደወል በድምፅ አይገዛም። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ውስጡ በአየር ተሞልቶ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረፋ መውጣት አለመውጣቱ መታየት አለበት። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ መለኪያ ተጋድሞ በመሃሉ ክፍተት መኖሩም መፈተሽ አለበት። ይህን ሳያደርግ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሌላ ሰው ስንጥቅ ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ የደብረ ብርሃኑ መካኒክ ነው፤ ብልህ ሰው ነው፣ ሐሳቡም ቀላል አልነበረም። «የዚህ ሞተር ወንድም አለ» አለኝ በስልክ፤ «ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የመጣ፣ ዋን ኤችዲ የሚባል። የእሱን ቴስታታ አምጣልኝ።» እውነት ነው፣ አለ። ልዩነቱ ግን ያ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ መርጨቱ ነው፤ የእሳቱ ጎድጓዳ ያለው ፒስተኑ ራስ ላይ እንጂ ቴስታታው ውስጥ አይደለም። መጠቅጠቂያ ልኩም ይለያል፤ የአጎቴ ሞተር ከ22 ለ 1 በላይ ሲጠቀጥቅ ያኛው ከ19 ለ 1 በታች ነው። ስለዚህ ቴስታታውን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ፒስተኖቹ፣ ኢንጀክተሮቹ፣ ፖምፓው አብረው መምጣት አለባቸው። ያ ደግሞ ሌላ ሞተር መግዛት ማለት ነው። መካኒኩ ሲሰማ ትንሽ ዝም ብሎ «እንግዲያው ይቅር» አለ።

የቀረው አዲስ ነው፤ ኦሪጅናል ወይም አስመስሎ የተሠራ። እዚህ ላይ ነው ዶላሩ የገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ሮጠ። አጎቴ ዋጋ የሚያሰሉት በሰንጋ ነው፤ የጅሩ ሰው ስለሆኑ አይፈረድባቸውም። የኦሪጅናሉን ስነግራቸው «ስንት ሰንጋ ሆነ?» አሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ቆጥረው ዝም አሉ።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ቀደም፣ በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ተጥሏል። የኤሌክትሪክ መኪናውን አልቃወምም፤ ነዳጅ በዶላር የሚገዛ አገር ሌላ መንገድ መፈለጉ ትክክል ነው። ግን ክርክራችን ሁሉ ስለሚገባው መኪና ነው። አገር ውስጥ ስላለውስ? የአጎቴ ላንድክሩዘር በኤሌክትሪክ መኪና የሚተካበት ቀን ሩቅ ነው፤ ጭነት ይዞ ያን ጭቃ የሚወጣ የኤሌክትሪክ መኪና እሳቸው በሚችሉት ዋጋ እስኪመጣ ድረስ ይሄው ሞተር መሥራት አለበት። አሮጌው እንዲቆይ ከፈረድን መለዋወጫው በሰው አቅም የሚገኝና ጥራቱ የተፈተሸ መሆን ነበረበት። ቴስታታና የፍሬን ዕቃ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሃያ ሰው ጭኖ ገደል አፋፍ የሚሄድ መኪና ላይ የሚገጠም ነው።

መጨረሻ ላይ የመከርኩት ይህን ነው፦ ኦሪጅናል ያልሆነ፣ ግን አዲስና በደብዳቤ ዋስትና የሚሸጥ ቴስታታ፤ ከአዲስ ጓርኒሲዮንና ከአዲስ ቡሎን ጋር። ቱርቦው ይቆይ፣ ግፊቱ ግን ወደ ግማሽ ባር ይውረድ። የፖምፓው ነዳጅ ይቀነስ። የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠም። በጨርቅ የተወተፈው ራዲያተር ትክክለኛ ክዳን ያግኝ፤ በእነዋሪ ከፍታ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና ግፊት የማይዝ ራዲያተር ማለት ሁልጊዜ ለመፍላት የቀረበ ሞተር ማለት ነው። የወንዝ ውኃውም ይቅር፣ ኩላንት ይግባ።

አጎቴ ሁሉንም ሰሙ። ግፊቱን መቀነስ ላይ ግን ተከራከሩኝ። «ጉልበቱን ቀንሰህ ቴስታታውን ብታተርፍልኝ፣ እህሉን ማን ይጭንልኛል?» አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንድ ጉዞ ላይ አምስት ኩንታል ቢቀንሱ በወር ምን ያህል እንደሚያጡ አብረን ቆጠርን፤ ቴስታታው በዓመት አንዴ ቢሰነጠቅ ምን ያህል እንደሚያጡም ቆጠርን። ሁለተኛው በለጠ። ለፋሲካ ሊሸጡ ያደለቧቸው ሁለት ሰንጎች ያለ ጊዜያቸው ወጡ።

ቴስታታው ተገጥሟል። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ሲጠበቁ በቪዲዮ አሳይተውኛል። መለኪያውም ገብቷል፤ ተሳፋሪ እያየ እንዳይሰጋ ከመሪው በስተግራ አስደብቀውታል። የፖምፓው ማስተካከያ ግን አልተሠራም። ለዚያ ደብረ ብርሃን መውረድ አለባቸው፣ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ነው። ከመስቀል በኋላ ይሉኛል። እስከዚያ ጭነት እንዲቀንሱ በየሳምንቱ እየደወልኩ እጨቀጭቃለሁ፤ ቀንሻለሁ ይላሉ።