ከኮርቻ የወረደ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ጧት ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ብስክሌት ተከራየን። አሳባችን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ወዲያው ጃንሜዳ ላይ ለመሮጥ ነበር። ከኮርቻው ወርደን ሩጫ ስንጀምር ግን እግራችን የሌላ ሰው እግር መሰለን። ከመካከላችን አንዱ «ቅልጥሜን አመመኝ» ብሎ ቢቆም «ሰነፍ!» ብለን ሣቅንበት። እርሱም አፍሮ እያነከሰ ሮጠ።

በኋላ ነገሩን ብንመረምር የምናፍረው እኛ ሆነን ተገኘን። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን የሚያጣምረው ትራያትሎን በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ገብቷል። ተወዳዳሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የጡንቻን ሥራ በመሣሪያ የለኩ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ ከተመረጡት ስፖርተኞች እንኳ አንዳንዶቹ ከብስክሌት ወርደው ሲሮጡ የቅልጥማቸው ጡንቻ እንደ ወትሮው አይታዘዝም። ይህም ከእግር ሕመም ጋር ተያይዞ ይታያል። ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም። በብስክሌት ላይ ክብደታችንን ኮርቻው ይሸከምልናል፤ እግር እየዞረ ይገፋል እንጂ መሬት አይመታም። በሩጫ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የአካልን ክብደት ይቀበላል። እግራችን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሳይረሳ ሁለተኛው ይደርስበታል።

አሠልጣኞች ስፖርተኞቻቸውን ጥቂት አስነድተው ወዲያው ጥቂት የሚያስሮጡት፣ ይህንንም የሚደጋግሙት፣ እግር ለውጡን እንዲለምደው ነው።

ወንድማችን ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። ይቅርታ ጠይቀነዋል። እናንተም ጓደኛችሁ «አመመኝ» ሲል ከመሣቃችሁ በፊት «የቱ ጋ?» በሉት።