የቺካጎ ጎተራዎች

ስለ ቺካጎ ከተማ የሚያወራ ሰው ሁሉ ነፋሷንና የሕንፃዎቿን ቁመት ያነሣል። እኔ ግን ሥራዬ የእህል ዋጋ በመዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፣ ስለዚህች ከተማ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው በጎተራዎቿ ላይ ነው። ከምጽፋቸው ዋጋዎች አንዱ በቺካጎ ገበያ የተቈረጠው የስንዴ ዋጋ ነውና፣ ከተማይቱን በዓይኔ ባላያትም እንግዳ አትሆንብኝም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ቺካጎ በሚቺጋን ሐይቅ ዳር የተቈረቈረች ናት። ከአገሩ ነባር ሕዝብ ቀጥሎ በስፍራው መጀመሪያ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ዣን ባቲስት ፖይንት ዱ ሳብል የተባለ ጥቁር ነጋዴ ነበር። በ1840 ነዋሪዎቿ 5 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ1890 ግን ከ1 ሚሊዮን አለፉ። ይህም የሆነው በ1871 በእሳት ጋይታ 100 ሺህ ያህል ሰው ያለ መጠለያ ከቀረ በኋላ ነው። የዕድገቷ ምክንያት ምንድን ነው ቢባል፣ በ1848 የተከፈተው የውሃ ቦይ ሐይቁን ከኢሊኖይ ወንዝ፣ በእርሱም በኩል ከሚሲሲፒ ጋር አገናኘ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ባቡር ተንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዓመትም የእህል ነጋዴዎች ማኅበር ቆመ።

ቀድሞ ገበሬው ስንዴውን በጆንያ ይልክ ነበር፤ ጆንያውም እስኪሸጥ ድረስ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። አባቴ ጤፉን በአህያ ጭኖ ገበያ ሲያወርድም እንደዚሁ ነበር። ገዢው ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ እፍ እያለ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው፤ በዋጋው ውስጥ የሰውየውም ስም ነበረበት። በቺካጎ ግን እህሉን በእንፋሎት ኃይል ወደ ላይ የሚስቡ ታላላቅ ጎተራዎች ሲሠሩ፣ የብዙ ገበሬ ስንዴ በአንድነት ይፈስስ ጀመር። ስለዚህ ማኅበሩ በ1856 ስንዴውን በየደረጃው ከፈለው፤ ባለ እህሉም በስንዴው ፈንታ ደረሰኝ ተቀበለ። ደረሰኙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ ኋላም ገና ያልታጨደ እህል እንኳ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በደረጃና በመጋዘን ደረሰኝ የሚሠራ ነው።

ይህ ብልሃት ገበሬውን ጠቅሞታል፤ ሩቅ ላለ ገዢ መሸጥ ችሏልና። ሆኖም የባለቤቱ ስም በጠፋበት ቦታ የሚመዝነው ሰው ጌታ ይሆናል። የጎተራ ባለቤቶች በኪራይ ዋጋ ተስማምተው ገበሬውን ያስጨንቁት ነበር፤ ዝቅተኛውን ስንዴ ከከፍተኛው ይደባልቃሉ የሚል አቤቱታም ይሰማ ነበር። (ሰርገኛ ጤፍ በማኛ ዋጋ የገዛ አንባቢ ይህን ለማመን አይቸገርም።) በ1871 የኢሊኖይ መንግሥት ኪራዩ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ሕግ አወጣ። ባለ ጎተራዎቹ ንብረታችን ተነካ ብለው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1877፣ ንብረት የሕዝብን ጥቅም የሚነካ በሆነ ጊዜ መንግሥት ሊቈጣጠረው ይችላል ብሎ ፈረደባቸው። እኔ የመንግሥት ጸሓፊ ነኝና፣ ከከተማይቱ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሁሉ ይልቅ ይህን ፍርድ አደንቃለሁ።

ይህችው ከተማ ሰውንም በቀለሙ ትከፍል ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ ክፍለ አገሮች ግፍ ሸሽተው ሥራ ፍለጋ የመጡት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ጥቁሮች በከተማይቱ ደቡብ በጠባብ ሰፈር ተወስነው እንዲኖሩ ተደርገዋል። ከደቡብ ከመጡት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። የአውሮፕላን ትምህርት ቤት በጥቁርነቱ አልቀበልህም ስላለው፣ በዚያው ቤት የጽዳት ሥራ ይዞ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ እንደ ነበር ይነገራል፤ በመጨረሻም ተቀብለውት ተመረቀ። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ። በ1936 ወደ ቺካጎ ሲመለስ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ከድል በኋላ እንደገና መጥቶ ወጣቶቻችንን አውሮፕላን ማብረር አስተማረ፤ በ1954ም በአዲስ አበባ ዐረፈ።