ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ፀጉር

ፀጉሩ ሆሳዕና የደረሰው ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ታላቅ ወንድማችን ያለው ደቡብ አፍሪካ ስለሆነ ወደ አገር ቤት በሚመጣ የዱራሜ ልጅ እጅ ላከልን። ሦስት ጥቅል ነው፤ አንዱ 100 ግራም፣ ርዝመቱ 26 ኢንች። ማሸጊያው ላይ «ብራዚል»፣ ከሥሩ ደግሞ «100% ሂውማን ሄር» ይላል። እማዬ እንደ አዲስ ነጠላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ሙሽራዋ ታናሽ እህቴ በደስታ ዘለለች። እኔ ክብሪት ፈለግሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ «ይሠራል» የተባልኩትን ነገር ሳልሞክር አልቀበልም። ሰርግ ቤት ውስጥ ይሄ ጠባይ ብዙም አይወደድም።

አንድ ዘለላ መዝዤ አቃጠልኩ። አርቴፊሻል ቢሆን ኖሮ እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራ ነበር። ይሄኛው ግን እንደ ተቃጠለ ላባ ሸተተ፣ በጣቴ ሳሸው አመድ ሆነ። የሰው ፀጉር ነው። «ብራዚል» የሚለው የገበያ ስም ነው እንጂ ለንግድ የሚውለው የሰው ፀጉር በብዛት የሚመጣው ከሕንድና ከቻይና ነው። ሕንድ ውስጥ ቲሩማላ በሚባለው ቤተ መቅደስ ምዕመናን ለስለት የሚላጩት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል። እማዬ ጭን ላይ ያለው የማን ስለት እንደሆነ ማን ያውቃል።

ሁለተኛው ፈተና ውሃ ነው። ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። ቅርፊቱ ሳይነካ ሁሉም ከሥር ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ከተኛ «ሬሚ» ይባላል፤ ውድ ነው፣ ቶሎ አይተበተብም። ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመው ግን ቅርፊቱ በአሲድ ይነሳለትና ሲሊኮን ይቀባል። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ከሬሚውም በላይ ሊያብረቀርቅ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሲታጠብ ነው። አንዱን ጥቅል ሁለት ጊዜ በሻምፑ አጠብኩት። ሲደርቅ ጫፉ እርስ በርሱ ተያይዞ ማበጠሪያ አላስገባ አለ።

ወንድሜ ተሸውዷል። ግን እንዴት ይነገረዋል? ታውንሺፕ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሰው ነው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ ስንቱ እንደሱ እንደሄደ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ለሰርጉ መምጣት ስላልቻለ ነው ፀጉሩን የላከው።

ማታ የእህቴን ሹሩባ ልፈታላት ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ሻሿን ስታወልቅ የጥራቱ ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ከጆሮዎቿ በላይ፣ ግንባሯ ዳር ዳር፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሳስቶ ቆዳው ያበራል።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ምኑ?»

«ባክሽ አትቀልጂ።»

«ሁለተኛ ዓመት እያለሁ» አለች፣ ሳትዞር። «እማዬ አላየችም።»

ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። ካምፓስ እያለሁ ቅንድቤ እስኪሳብ ድረስ አጥብቄ እሠራ ነበር። ራሴን ሲያመኝ ማስታገሻ እውጣለሁ እንጂ አላስፈታም፤ የተከፈለበት ነዋ! የፀጉሩ ሥር ለረጅም ጊዜ ከተጎተተ ይጎዳል። ቶሎ ከተተወ ሊያገግም ይችላል፤ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን አይበቅልም። የኔ በግራ በኩል አልተመለሰም። ኦንላይን ስብሰባ ላይ ሁሌ በቀኝ ጎኔ ዞሬ የምቀመጠው ለዚህ ነው፤ ባልደረቦቼ ያየሁት ሁለተኛ ስክሪን ያለኝ ይመስላቸዋል።

«የቱ ፀጉር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በዚያች ማታ ተቀየረብኝ። እስከዚያ ድረስ ሬሚ ነው አይደለም እያልኩ ነበር። ሬሚም ቢሆን በጠባብ ቁጥርጥር ላይ ከተሰፋ 300 ግራም ያው 300 ግራም ነው፤ የሚጎትተው ያንኑ የሳሳውን ቦታ ነው። ክሊፑም የሚይዘው በራሷ ፀጉር ነው፤ ለሷ አይሆንም። ላላ ተደርጎ በቀላል አርቴፊሻል ብሬድ ብትሠራ ደስ ባለኝ፤ ግን የወንድሟን ፀጉር ሻንጣ ውስጥ ትታ? እሺ አትልም። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ሄደን «ዊግ አድርጊልን» አልናት። ሠሪዋ ሳቀች።

«ሙሽራ በዊግ? ንፋስ ቢወስደውስ?»

እህቴ ሻሿን ትንሽ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች፣ ወንበር ሳበች፣ ጭንቅላቷን ለካች። ሦስቱንም አልተጠቀመችም፤ ሁለቱን ብቻ ከ26 ወደ 18 ኢንች አሳጥራ ላላ ባለ መረብ ቆብ ላይ ሰፋችው። የተተበተበው ጫፍ በዚያው ተቆርጦ ሄደ። የራሷን ፀጉር ግንባሩን ሳትነካ አላልታ ጎነጎነችላት። ለእማዬ የነገርናት «ፋሽኑ እንዲህ ነው» ብለን ነው።

የሰርጉ ማታ ወንድማችን በቪዲዮ ደወለ። ሱቁን ገና አልዘጋም ነበር፤ ፍርግርጉ ከኋላው ይታያል።

«የኔው ነው አይደል?»

እህቴ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞራ አሳየችው። «ያንተው ነው።»

«አጠረ እንዴ?»

«አሳጠርነው፤ ቬሎው እንዲታይ።»

ስለ ሲሊኮኑ አልነገርኩትም። ስልኩ ሲዘጋ ዊጉን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችውና በሁለት መዳፏ ጆሮዎቿ በላይ ያለውን ቦታ ስታሽ ቆየች።