ለፈተና ጥሪ የሚሸጥ በግ

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በጋዜጣ የወጣ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚያስወጣው ወጪ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ነው። ጧት ወጥቶ ይመዘገባል፤ ለምሳ ቤቱ ይገባል። ይኸው ማስታወቂያ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሲነበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ወጪውንም ማን እንደሚሸከመው አስበውት ያውቃሉ? ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ እናትም ይሁኑ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነገሩ ይመለከትዎታልና ለዛሬ ወደዚያው አብረን እንጓዝ።

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ደጋ እንመልከት። ደጋው ብርዳም ነው። ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፤ ቤቱ በድንጋይ ይካባል፤ ብርዱም ከበግ ጠጉር በሚሠራው ባናና በርኖስ ይመከታል። የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ላቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሸካራ ሆኖ ውርጭን የሚችል ነው። ለዚህ አገር ሰው በግ ሥጋና ጠጉር ብቻ ሳይሆን የቤት ተቀማጭ ገንዘብም ነው። ሰው ሲታመም፣ ደብተር ሲገዛ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲከፈል በግ ገበያ ይወጣል። የተመረቀ ልጅ ለሥራ ፈተና ሲጠራም እንዲሁ በግ ይሸጣል።

ከዚህ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ እንደየአቅጣጫው ይለያያል። የመንዙ ሰው ወደ ጣርማ በር ወጥቶ የደሴን አውራ ጎዳና ይይዝና ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። የመርሐቤቴው ሰው ደግሞ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ይመጣል። በካርታ ሲታይ እጅግ የራቀ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከመኪና መንገድ የራቀው መንደር ብዙ በመሆኑ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በእግር ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው የፀጥታ ችግር የተነሣ ደግሞ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። መኪና ያጣ መንገደኛ ያድራል፤ ያደረ ይከፍላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ በመነሣቱም የመጓጓዣ ዋጋ ከፍ እያለ መጥቷል።

ታዲያ ለአንድ ሥራ ስንት ጊዜ ይመጣል? በብዙ መሥሪያ ቤቶች አሠራር አመልካቹ በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውን ዋናና ኮፒ ይዞ በአካል ይመዘገባል። ቀጥሎ ለጽሑፍ ፈተና ይጠራል። ያንን ካለፈ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ዕድል ቀንቶት ከተመረጠ ደግሞ የዋስ፣ የአሻራና የጤና ምርመራ ጉዳይ ይከተላል። በየመካከሉ ሳምንታት ያልፋሉ። ከተማ ተቀምጦ መጠበቅ ወጪ ነው፤ አገር ቤት ተመልሶ እንደገና መምጣትም ወጪ ነው። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ፣ የጉርድ ፎቶግራፉና የፎቶ ኮፒው ሲደመር እናት በሶና ዳቦ ቆሎ ብትሰንቅም የማይሸፈነው ይበዛል።

ከሁሉም የከፋው ጥሪው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ስልኩ የሚደወለው ብዙ ጊዜ ለፈተናው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የገበያ ቀን አይጠበቅም። ሳይጠበቅ የተሸጠ በግ ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ሙክት ከሌለ እናቲቱ በግ ትሸጣለች፤ ያን ጊዜ አብሮ የሚሄደው የሚመጣው ዓመት ግልገል ነው። ልጁ ፈተናውን ቢወድቅ ቤተሰቡ ያጣው የመኪናውን ዋጋ ብቻ አይሆንም።

ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይብሳል። ወንዱን «መናኸሪያ አጠገብ እደር» ይሉታል። ለሴቷ ግን አስተማማኝ ማደሪያ፣ አንዳንዴም አብሯት የሚሄድ ሰው ይፈለጋል፤ ወጪው በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህም የተማረችው ልጅ ጥሪው ደርሷት ሳለ «ይህስ ይለፍሽ» ትባላለች። ማንም አልከለከላትም፤ የከለከላት ሒሳቡ ነው።

የመጓጓዣ ወጪ ሥራ ፍለጋን እንደሚያሰናክል በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም አሳይተዋል። ሳይመን ፍራንክሊን የተባለው የኢኮኖሚ ተመራማሪ በአዲስ አበባ ለሥራ አጥ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ በዕጣ ሰጥቶ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ገንዘቡን ያገኙት ወጣቶች ፍለጋቸውን አጠናከሩ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ አለ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ የከተማይቱ ነዋሪዎች ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ሒሳብ ይህን ያህል የሚያግድ ከሆነ ከመንዝ የሚነሣው ምን ይበል?

ጉዳቱ የሥራ ፈላጊው ብቻ አይደለም። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ኢስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ቀጣሪ ለአመልካቾች አነስተኛ ገንዘብ ቢሰጥ የተሻለ ችሎታ ያላቸው ሰዎች እንደሚመጡለት በኢትዮጵያ ባደረጉት ሙከራ አሳይቷል። ቀጣሪዎቹ ግን ይህን ጥቅም አሳንሰው ይገምቱ እንደነበር ጥናቱ ጨምሮ ይገልጻል። ስለዚህ በወጪ ምክንያት ከቤቱ የቀረው ሰው ምናልባት መሥሪያ ቤቱ ሲፈልገው የነበረው ሊሆን ይችላል።

በጀርመን አገር አሠሪ አመልካችን ለቃለ መጠይቅ ከጠራ፣ አስቀድሞ «ወጪ አልሸፍንም» ብሎ ካላስታወቀ በስተቀር የመምጫውን ወጪ መክፈል በሕግ ይገደዳል። እኛ ዘንድ እዚያ እስኪደረስ ድረስ ያለ ገንዘብ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ።

በሠራተኛ ቅጥር ክፍል የሚሠሩ ከሆነ ምዝገባው በስልክ ወይም በኢንተርኔት እንዲሆን ያሳስቡ። የጽሑፍ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ በተከታታይ ቀናት ቢደረግ አንድ ጉዞ ይቀራል። ቀኑን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ያሳውቁ፤ ፈተናው ከተላለፈም መንገደኛው ሳይነሣ ይደውሉለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው አስቀድሞ ለታሰበለት ቦታ ለይስሙላ ብቻ አመልካቾችን አይጥሩ። እርስዎ መዝገብ ለመሙላት የጠሩት ሰው በግ ሽጦ ነው የመጣው።

በከተማ የሚኖሩ እናት ከሆኑ ደግሞ የዘመድ ልጅ ለፈተና ሲመጣ ማደሪያ መስጠትዎ ቀላል ውለታ አይደለም፤ በተለይ ለሴት ልጅ። የኑሮው ውድነት እንግዳ መቀበልን እንዳከበደው እናውቃለን። ሆኖም ሁለት ሌሊት ምንጣፍ ላይ ማሳደር አንድ ጉዞ ያድናል። ከዚያም ሌላ ማመልከቻውን ያንብቡለት፤ በቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን እየጠየቁ ያለማምዱት። በአዲስ አበባ በተደረገ ሌላ ጥናት ከአራት ዓመት በኋላ የመጓጓዣ ገንዘቡ ጥቅም ደብዝዞ ሲገኝ፣ ማመልከቻ መጻፍን ለተለማመዱና ችሎታቸውን በማስረጃ ለማሳየት ለታገዙ ወጣቶች ግን የደመወዝ ለውጥ ታይቶላቸዋል። ይህን ልምምድ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማታ እቤቱ ሊሰጥ ይችላል።

አገር ቤት ላሉት ወላጆችም በስልክ የሚያስተላልፉት ምክር ይኑርዎ። ልጁ ከመነሣቱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ጋ ደውሎ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያረጋግጥ፤ የሚፈለገው ማስረጃ አንድም ሳይጎድል ይያዝ። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያላት ከተማ ስለሆነች አዲስ አበባን ብቻ ከመጠበቅ በቅርብ ያለውንም መጠየቅ ይበጃል። የሴት ልጅ ጥሪ ሲመጣ ደግሞ «ለወንድሟ ቢሆን እንሸጥ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነገ ከመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ በክንዱ የማስረጃ ፖስታ ያቀፈ ወጣት ቢያገኙ ቢሮው የት እንደሆነ ያሳዩት። ፈተናው ለሌላ ቀን ተላልፎም ከሆነ፣ ቁርጡን ቀን ሳይነግሩ አይመልሱት።