የጧት ቁጥር

እኛ በነገሌ ቦረና ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን የምንማር አምስት ልጆች ነን። የመጣነው ከገጠር ነው። አገር ቤት ሳለን ከብት ተከትለን ስንዞር እንውል ነበር። ከተማ ገብተን ዘጠነኛ ክፍል ስንጀምር ነገሩ ተለወጠ። ቀን ወንበር ላይ መዋል፣ ማታ መጽሐፍ ላይ ማቀርቀር ሆነ። ጀርባችን ታመመ፤ አንገታችን ደረቀ። ገና በልጅነታችን ወገባችንን ይዘን እንነሳ ጀመር።

ይህን ያየ የስፖርት መምህራችን ዮጋ አሳየን። ዮጋ ከህንድ አገር የመጣ ጥንታዊ ልምምድ ነው። ሰውነትን ቀስ ብሎ ማጠፍና መዘርጋት፣ ትንፋሽንም ረጋ ብሎ መሳብና ማስወጣት ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሰኔ 14 ቀን የዓለም የዮጋ ቀን ሆኖ ይከበራል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጫማም አይጠይቅም። ሰሌን ይበቃል።

ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጀመርን። አከራያችን እትዬ በበሩ አይተውን፣ «ምነው ልጆቼ፣ ሆድ ቁርጠት ነው እንዴ?» አሉን።

ሁለት ሳምንት ሠራን። በሦስተኛው አንዱ ተኛ፤ በማግስቱ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ሁላችንም ተውነው። እውነቱን እንናገር፤ ስንፍና ብቻ አልነበረም። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው። ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ በቦረና ከብት ያለቀበት ድርቅ ነበር። ከቤት የሚላክልን ስንቅ ቀነሰ። «ስፖርት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» አልን። በተራበ ሆድ ሰውነትን ማድከም እንደማይገባ ዛሬም እናምናለን። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ዝናቡ ዘንቦ ስንቁ ከተሻለ በኋላም እኛ አልተመለስንም።

ከመካከላችን አንዱ የዱብሉቅ ልጅ ነው። በዚያ አገር ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች እንደ መሰላል ከታች እስከ ላይ ይቆማሉ። ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ያወጣሉ፤ አብረውም ይዘፍናሉ። ዘፈኑ እጅ ከእጅ እንዲገጥም፣ ድካምም እንዲረሳ ነው። አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል፤ ከብቱ ገንዳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

ይኸው ልጅ አንድ ማታ፣ «እኛ ጋ ብቻውን ውኃ የሚያወጣ የለም። እናንተ ግን አንድ ቤት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ዝም ብላችሁ ነው የምትሠሩት» አለን። ነገሩ ገባን።

በማግስቱ ተራ አወጣን። ባለተራው ይቀሰቅሳል፤ ጮክ ብሎም ይቆጥራል። ስንስብ እስከ 4፣ ስናስወጣ እስከ 6። አንድ ቀን በአማርኛ፣ አንድ ቀን በኦሮምኛ፤ አንዱ ጓደኛችን ሶማሊ ስለሆነ በሶማልኛም እንቆጥራለን። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ የሚጾም ካለ ትንፋሹን ብቻ ይሠራል። ከ20 ደቂቃ አናልፍም።

የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። እናንተ አራሾችና አርቢዎች ይህን በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። የቸገረው እኛን፣ ወንበር ላይ የምንውለውን ነው።

ባለፈው ሰኞ ባለተራውን እንቅልፍ ጣለው። ሁላችንም ተኝተን ሳለ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ዛሬ ቁጥሩ የት ሄደ? እኔ እኮ በእናንተ ነው የምነሳው!» አሉ እትዬ።