«ሊ» የምትባል ጣጣ

እንግሊዝኛ «ሊ» የምትባል ቅጥያ አለችው። «ስሎው» ብሎ «ስሎውሊ»፣ «ክዊክ» ብሎ «ክዊክሊ» ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል። «ሃርድ» ላይ ሲደረስ ግን ጉድ ይፈላል። «ዎርክ ሃርድ» ጠንክሮ መሥራት ነው፤ «ሃርድሊ ዎርክ» ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አለመንካት! «ሌት»ም ያው ናት፤ «ከም ሌት» አርፍዶ መምጣት ሲሆን፣ «ሌትሊ» ግን «ሰሞኑን» ሆና ቁጭ ትላለች።

እኛ ጠንክሮ ሠራ፣ አርፍዶ መጣ ነው የምንለው። ገላጩ ራሱም ግሥ ነው፤ ከዋናው ግሥ ፊት ይቀድማል። አንድ የማውቀው ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ሊቀጠር ቃለ መጠይቅ ቀረበ። ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ ሊል ፈልጎ፣ በአማርኛ ልማዱ ገላጩን አስቀደመ፣ «ሊ»ዋንም ለጠፈና «አይ ሃርድሊ ዎርክ» አላቸው። ፈታኞቹ ተሳሳቁ። ስለ ሒሳብ አንድም ነገር ሳይጠይቁት አሰናበቱት።

እንግሊዝኛ አይፈተን አልልም፤ ሁለተኛ ደረጃን የምንማርበት ቋንቋ ነው። ግን የሰውን ሙያ ሳያይ፣ በአንዲት «ሊ» ስቆ የሚሸኝ ፈታኝ ምን ይባላል? እንግዲህ «ሃርድሊ ዎርክ» ማለት እሱ ነው።