ሌሊት የሚፋጭ ጥርስ፣ ማለዳ የሚታመም መንጋጋ

በዚህ ወር ልናወጋችሁ የመረጥነው ጉዳይ ከትልልቆቹ አርእስት ተርታ የሚሰለፍ አይደለም፡፡ ይሁን እንጂ በየቤታችን ሌሊት ሌሊት የሚሰማ፣ ወላጅን የሚያስጨንቅ፣ አንዳንዴም «መድኃኒት» በሚባለው ነገር ሳቢያ ልጆችን ለባሰ ጉዳት የሚዳርግ ነው፡፡ ይኸውም ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው ጥርሳቸውን ማፋጨታቸውና ጠዋት ሲነሡ መንጋጋቸውን ማመሙ ነው፡፡

እኛ የምንኖረው በአዊ ዞን፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጥሊሊ ነው፡፡ ቀን በመደበኛው ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ደግሞ በመድረሳ እናስተምራለን፡፡ ጥሊሊ ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል፡፡ በብዙ ቤት ወላጅና ልጅ በአንድ ክፍል ስለሚያድሩ የአንዱ ጥርስ ሲፋጭ ሌላው ይነቃል፡፡ በእኛም ቤት የ7 ዓመቱ ልጃችን ሌሊት ያፋጫል፤ ጠዋት ቁርስ ሲቀርብለት «ጆሮዬን አመመኝ» እያለ ቆሎውን ይገፋ ጀመር፡፡ ጤና ጣቢያ ወስደን ጆሮው ታየ፤ ደኅና ነው፡፡ ባለሙያዋ ግን ጣቷን ጉንጩ ላይ አድርጋ «እስቲ ጥርስህን ግጠም» ስትለው ልጁ ተንሰፈሰፈ፡፡ ሕመሙ ያለው ከጆሮው ሳይሆን ከመንጋጋው ጡንቻ ነበር፡፡

ወሬው በሰፈር ሲሰማ ምክሩ ከየአቅጣጫው መጣ፡፡ እናታችን «ወስፋቱ ነው የሚያፋጨው፣ ልጄ፤ ኮሶ ይጠጣና ይገላገል» አሉን፡፡ አንዷ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለች፡፡ ሌላው ደግሞ የሚነቃነቀውን ጥርስ የሚነቅል አዋቂ እንዳለ ሹክ አለን፡፡ ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ነው፡፡ ነገር ግን ፍቅር ብቻውን መድኃኒት አይሆንምና ነገሩን አጥርተን ማወቅ ነበረብን፡፡

የጥንቱ ሐኪም ምን አለ?

ኢብኑ ሲና (980-1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን ፊ-ጢብ» በተሰኘው ታላቅ የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ ይህን ጉዳይ ለብቻው አንስቶታል፡፡ በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስ የሚፋጨው ከመንጋጋ ጡንቻዎች ድካምና መኮማተር የተነሣ መሆኑን፣ በሕፃናት ላይ እንደሚበዛና ሲያድጉ እንደሚለቃቸው ገልጿል፡፡ የሆድ ትልንም ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ጠቅሷል፡፡ ስለዚህ የእናታችን አነጋገር መሠረት የሌለው ተረት አይደለም፤ የቆየ የሕክምና አስተሳሰብ ቅሪት ነው፡፡

የዛሬው ሕክምና ከዚህ ውስጥ የፊተኛውን አጽንቶታል፡፡ ልጆች የሚያፋጩት የማላመጫ ጡንቻዎቻቸው በእንቅልፍ ውስጥ ሳይታዘዙ ስለሚሠሩ ነው፡፡ ብዙዎቹም ከ9 እና ከ10 ዓመት በኋላ እየተዉት ይሄዳሉ፡፡ የሆድ ትል ያፋጫል የሚለው ግን በአስተማማኝ ማስረጃ አልጸናም፡፡ ትል ያለበት ልጅ መታከም ያለበት ትሉ ራሱ ስለሚጎዳው ነው፡፡ ለዚህም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ትምህርት ቤቶች በዘመቻ የሚሰጠው እንክብል አለ፡፡ ኮሶ ግን ለኮሶ ትል እንጂ ለወስፋት የታወቀ አይደለም፤ ለሕፃን ሰውነትም እጅግ የከበደ ነው፡፡ ይህንን ለእናታችን በአክብሮት ስናስረዳቸው «እንግዲያስ እንክብሉን ይውሰዳ» ብለው ተስማሙ፡፡

ጥርስ መንቀሉን በተመለከተ አንድ ነገር ደፍረን እንናገራለን፡፡ የወተት ጥርስን በባህላዊ መንገድ መንቀል በአገራችን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚቆጠር ነው፡፡ ደም ያፈስሳል፤ ባልጸዳ መሣሪያ መርዝ ያስገባል፤ ከሥር የሚመጣውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል፡፡ የሚፋጨው ጥርስ ይሁን እንጂ የሚያፋጨው ጡንቻው ነው፤ ጥርሱ ቢነቀልም ጡንቻው ሥራውን አይተውም፡፡

መንጋጋው ለምን ያማል?

እጃችሁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥርሳችሁን ብትገጥሙ ከጣታችሁ ሥር የሚወጠር ጡንቻ ታገኛላችሁ፡፡ ሌላው ከጆሮ በላይ፣ ከዓይን ጎን ይወጠራል፡፡ እነዚህ ጡንቻዎች ሌሊቱን ሲሠሩ ካደሩ ቀኑን ሙሉ ድንች ሲቆፍር እንደዋለ ሰው ክንድ ጠዋት ይዝላሉ፡፡ ልጁ «ጆሮዬን»፣ «ራሴን» የሚለውም የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ስለሚገኝና ሕመሙ ወደዚያ ስለሚሰማ ነው፡፡ ትኩሳት ኖሮ ጉንጩ ከጆሮው ሥር ካበጠ ግን ጆሮ ደግፍ ወይም የጥርስ ቁስል ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ሌላ ነው፡፡

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

ለእኛ የተነገረንና የሠራንበት ይህ ነው፡፡ ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ሙቀቱን በራስ ክንድ ላይ ሞክሮ፣ የልጁን ሁለት ጉንጭ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ፡፡ ይህን ጠዋትና ከመኝታ በፊት ማድረግ፡፡ ከዚያም በጣት ጫፍ ክብ እየሠሩ ጡንቻውን በቀስታ ማሸት፡፡ ሕመሙ እስኪያልፍ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ይቅር፤ ገንፎ፣ ፍትፍት፣ የተቀቀለ ድንች ይተኩት፡፡ ቀን ላይ ደግሞ ልጁን «ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ» ብሎ ማስለመድ፡፡ በእኛ ቤት ይህ ቃል እንደ ጨዋታ ሆኖ ታናሽ እኅቱም ትደግመዋለች፡፡

ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ለጊዜው ያስታግሳል፡፡ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው፤ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ፡፡ ባለሙያ ጠይቆ መስጠት ይበልጣል፡፡ አስፕሪን ግን ለልጆች አይሰጥም፡፡ ለዐዋቂዎች ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ፕላስቲክም መንጋጋቸው ገና ለሚያድግ ልጆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም፡፡ ሲያፋጭ አይታችሁ ከእንቅልፉ ለመቀስቀስም አትቸኩሉ፡፡

ልጁ ይዞት የሚተኛው ነገር

ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ይህን ነው፡፡ ከማፋጨት ጋር ተያይዘው ከሚገኙት ነገሮች አንዱ ጭንቀት ነው፡፡ ልጃችን አንድ ማታ ፎጣው ጉንጩ ላይ እንዳለ ለእናቱ «ነገ ካልያዝኩት ይገረፋሉ ተብሏል» አላት፡፡ የሚማርበት ቦታ መምህር አለንጋውን ከፊታቸው አስቀምጦ ነበር የሚያስቀራቸው፡፡ እኛም በመድረሳ ያደግን፣ ዛሬም በመድረሳ የምናስተምር ነንና ይህ ቃል ከልባችን ገባ፡፡ ሄደን በወንድማማችነት አነጋገርነው፤ እሱም በቅንነት ተቀበለን፡፡ በቤትም ከዒሻ በኋላ ፈተናና ተግሣጽ እንዳይኖር ወሰንን፡፡ ቅጠሮው ለጠዋት ሆነ፤ ማታ ሻይና ቡና ለልጆች ቀረ፤ በምትኩ ጨዋታና ዱዓእ ሆነ፡፡ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ የጠዋቱ ሕመም ለቀቀው፡፡ ማፋጨቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ግን ቆሎውን አይገፋም፡፡

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭት ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ ብዙዎችም ከትምህርት ገበታቸው ተለይተዋል፡፡ ልጅ ፍርሃቱን ሁሉ በአፉ አይነግረንም፤ አንዳንዱን ጥርሱን ገጥሞ ይዞት ይተኛል፡፡ ስለዚህ «ለምን ታፋጫለህ?» ብሎ ከመቆጣት በፊት «ዛሬ ምን አስፈራህ?» ብሎ መጠየቅ ከወላጅም ከመምህርም ይጠበቃል፡፡ ቁጣ ራሱ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ነውና፡፡

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አፉን በደንብ መክፈት ካቃተው ወይም መንጋጋው ከተቆለፈበት፣ ትኩሳትና እብጠት ካለ፣ ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ፣ ጥርሱ ተፍቆ ቀዝቃዛ ነገር ካሳመመው ጤና ጣቢያ ይታይ፡፡ በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ወይም ትንፋሹ ለአፍታ የሚቋረጥ ልጅ የቶንሲል ወይም ከአፍንጫ በስተኋላ ያለ እጢ እብጠት ሊኖርበት ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር አለበት፡፡ ከዚህ ከጥሊሊ ለሆነ ሰው እንጅባራ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከዚያም ሲያስፈልግ ወደ ባሕር ዳር ይላካል፡፡

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው፡፡ የሞቀ ፎጣ ከየትኛውም ቤት አይጠፋም፡፡ ከአለንጋና ከቁጣ የራቀ ምሽትም ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ አላህ ለሁላችንም ትዕግሥቱን ይስጠን፡፡ ወቢላሂ ተውፊቅ፡፡